እንግሊዝኛ የማይጠይቅ ጥንቃቄ

ባንክ መስሎ የሚመጣን የማጭበርበሪያ ኢሜይል ስለመለየት ለዓመታት የተሰጠን ምክር ተመሳሳይ ነው። የፊደል ስህተት ፈልጉ። የተወላገደ ዓረፍተ ነገር ፈልጉ። በስማችሁ ሳይሆን «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ከጀመረ ጠርጥሩ።

ይህን ምክር ባነበብኩ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የማውቃቸው እናቶችና አባቶች ናቸው። ዕድሜያቸውን በሆቴል ጽዳት፣ በፓርኪንግና በአረጋውያን እንክብካቤ ሠርተው ልጅ አስተምረዋል፣ ዘመድ ረድተዋል። እንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ ለሥራም ለገበያም አላነሳቸውም። ከባንክ የመጣ ደብዳቤ ግን የሚያነቡት ቃል እየለቀሙ ነው። እውነተኛውም ይከብዳቸዋል፣ ሐሰተኛውም ይከብዳቸዋል። የተወላገደውን ከቀናው እንዲለዩ መጠበቅ አይገባም። ያ ምክር ከመጀመሪያውም እነሱን አላሰበም።

አሁን ደግሞ ለማንም የማይሠራ ሆኗል። ጽሑፍ በራሱ የሚያዘጋጀው ቻትጂፒቲ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም በ2022 መጨረሻ ከወጣ ወዲህ፣ እንግሊዝኛ አንድ ቃል የማይችል አጭበርባሪ እንኳ የባንክ ጠበቃ የጻፈው የሚመስል ደብዳቤ በደቂቃ ያዘጋጃል። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰውም ስህተት ፈልጎ አያገኝም። ስለዚህ ሁላችንም አንድ ቦታ ላይ ደርሰናል። የሚያዋጣው ጥንቃቄ እንግሊዝኛ የማይጠይቀው ነው። ይህን የምጽፈውም በተለይ የወላጆቻቸውን ስልክ ለሚያስተካክሉ ልጆች ነው።

በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ ስልካቸውን አውጥተው «ልጄ፣ እስቲ ይቺን እዪልኝ» አሉኝ። የመጣላቸው ኢሜይል የሚለው ይህን ነው፦ አካውንትዎ ላይ ያልተለመደ እንቅስቃሴ ታይቷል። ለደህንነትዎ ሲባል ለጊዜው ታግዷል። በ24 ሰዓት ውስጥ ማንነትዎን ካላረጋገጡ ይዘጋል። ከሥሩ የሚነካ ሰማያዊ ቁልፍ አለ። የባንኩ ዓርማ ትክክል ነው። ቀለሙ ትክክል ነው። ከታች የባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት አድራሻም አለ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መጨረሻ ላይ «ፓስወርድዎን በኢሜይል አንጠይቅም» የሚል ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። ያንንም ከእውነተኛው የባንክ ኢሜይል ላይ ገልብጠውታል።

የመጣላቸው ዓርብ ማታ ነው። ቅርንጫፉ ተዘግቷል። አካውንቱ ውስጥ ያለው የቤት ኪራይና አገር ቤት ለወንድማቸው ልጅ ሠርግ የሚላክ ገንዘብ ነው። ቁልፉን ያልነኩት መነጽራቸው ሥራ ቦታ ስለቀረ ብቻ ነው። «ቅዳሜን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም» አሉኝ። ያ ኢሜይል አንድ ሳንቲም ሳይወስድ አንድ ሌሊት ወስዶባቸዋል።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት የላኪውን ስም ነው። የባንኩ ስም በትክክል ተጽፏል። ስልክ ላይ ኢሜይል ስንከፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚታየን ይህ ስም ብቻ ነው። ስሙን ነካ ሲያደርጉት ነው ትክክለኛው አድራሻ የሚወጣው። የእሳቸው ሲወጣ ከባንኩ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነበር።

ይህ እንዴት ይቻላል የሚል ሰው ካለ፣ ነገሩ ከኢሜይል አፈጣጠር ይጀምራል። ኢሜይል ዛሬም የሚላክበት ደንብ መሠረቱ የተጣለው በ1982 ነው። ያኔ ኔትወርኩ የዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ነበር። እርስ በርስ የሚተዋወቅ ሰው ስለሚጠቀምበት፣ ላኪው እውነት እሱ መሆኑን የሚያጣራ ነገር አልተጨመረበትም። ፖስታ ጀርባ ላይ ማንም የፈለገውን የላኪ ስም መጻፍ እንደሚችለው ነው። ኋላ ላይ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የሚባሉ ማጣሪያዎች መጡ። ጎግልና ያሁም ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በብዛት ኢሜይል የሚልኩ ሁሉ እነዚህን እንዲያሟሉ ማስገደድ ጀምረዋል። ጥሩ እርምጃ ነው፤ ብዙ ቆሻሻ ያስቀራል። ግን ማጣሪያው የሚያረጋግጠው ደብዳቤው በእርግጥ ከተጻፈው አድራሻ መምጣቱን ነው። አድራሻው የባንካችሁ መሆኑን አያውቅም። አጭበርባሪው የባንኩን ስም የሚመስል አድራሻ በጥቂት ዶላር ገዝቶ፣ ሁሉንም አሟልቶ፣ በሕጋዊ መንገድ ሊያልፍ ይችላል።

ሊንኩም እንደዚያው ነው። ለምሳሌ አድራሻው «ባንካችን.ኮም.ማረጋገጫ.ኔት/ግባ» ቢል፣ ዓይናችን ፊት ለፊት የሚያየው «ባንካችን.ኮም» የሚለውን ነው። አነባበቡ ግን ከኋላ ነው። ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣውን የመጀመሪያ ስላሽ (ይህን «/» ምልክት) ፈልጉና ከእሱ ወደ ግራ ተመለሱ። የድረ ገጹ ባለቤት መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ቃላት ናቸው፤ እዚህ ላይ «ማረጋገጫ.ኔት»። እንደ እንግሊዝና እስራኤል ባሉ አገሮች አድራሻ ሦስት ቃል ሊሆን ይችላል። ከፊት ያለው ሁሉ ጌጥ ነው፤ ማንም የፈለገውን ይጽፍበታል። በዚህ ላይ ፊደል በፊደል የሚያሳስቱ አሉ። የላቲኑ አር እና ኤን ጎን ለጎን ሲሆኑ በትንሽ ስክሪን ላይ ኤም ይመስላሉ። የሩሲያው «ኤ» ደግሞ ከእንግሊዝኛው ጋር በዓይን አይለይም። በ2017 አንድ የደህንነት ተመራማሪ የአፕልን ስም በሩሲያ ፊደላት አስመዝግቦ፣ አንዳንድ ብራውዘሮች (ድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራሞች) ላይ ከእውነተኛው ጋር ልዩነት እንደሌለው አሳይቷል።

ቁልፉስ? አድራሻው አጠገብ የምትታየው ትንሿ የቁልፍ (የጓጉንቸር) ምልክት? ብዙ ሰው እስካሁን እሷን ይተማመናል። ቁልፏ የምትለው በእናንተና በድረ ገጹ መካከል የሚሄደውን ሌላ ሰው አያየውም ነው። ድረ ገጹ የማን እንደሆነ አትናገርም። ለዚህ የሚያስፈልገው ሰርተፊኬት ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ለማንም በነጻ ይሰጣል፤ አጭበርባሪም ይወስዳል። ጎግል ራሱ ሰው ምልክቷን በተሳሳተ መንገድ እየተረዳት መሆኑን ስላየ፣ በሴፕቴምበር 2023 ክሮም ከሚባለው ብራውዘሩ ላይ አንስቷታል። «ቁልፍ ካለው አትስጉ» የሚል የቆየ ምክር ዛሬም በቫይበርና በዋትስአፕ ግሩፖቻችን ሲዞር ሳይ ያሳዝነኛል።

ይህን ሁሉ ማወቅ ለእኔም ለእናንተም ይጠቅማል። ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ስልካቸውን ይዘው ፊቴ ለተቀመጡት እናት ስለ ስላሽና ስለ ሩሲያ ፊደል ልንገራቸው? ቢገባቸውም ሰኞ ይረሱታል። ሥራ ውለው ደክሟቸው፣ ልባቸው እየመታ፣ በትንሽ ስክሪን ላይ ከኋላ ወደ ፊት ፊደል እንዲያነቡ መጠበቅ ልክ አይደለም።

ስለዚህ የነገርኳቸው ሌላ ነው። «ይህ ኢሜይል እውነት ይሁን ሐሰት እርስዎ ማወቅ የለብዎትም» አልኳቸው።

ግር አላቸው። «እንዴት? እውነት ቢሆንስ? ቢዘጉብኝስ?»

«እውነት ከሆነ ባንክዎ አፕ ውስጥ ተጽፎ ያገኙታል። ወይም ካርድዎ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ሲደውሉ ይነግሩዎታል። ሐሰት ከሆነ ደግሞ እዚያ ምንም የለም። በኢሜይሉ በኩል ግን አይሂዱ።»

እዚያው አፑን ከፈትን። አካውንታቸው እንዳለ ነው። የሠርጉም ገንዘብ እንዳለ ነው። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና «እና ይሄ ነው? በቃ?» አሉኝ። ይሄ ነው።

ጥያቄውን ከመልእክቱ መልክ ወደ መንገዱ ማዞር ማለት ነው። ደብዳቤው ምን ይመስላል ሳይሆን በየት በኩል ልሂድ። እውነተኛው ባንክ እናንተ በራሳችሁ መንገድ ብትመጡ ምንም አይጎድልበትም። ቤቱ እዚያው ነው። አጭበርባሪው ግን በእሱ ሊንክ ካልሄዳችሁ፣ በእሱ ቁጥር ካልደወላችሁ፣ የትም አያገኛችሁም። ለዚህ ነው ቀጠሮውን 24 ሰዓት የሚያደርገው፣ ዓርብ ማታ የሚልከው። በራሳችሁ መንገድ ለመሄድ ጊዜ እንዳታገኙ ነው። በእኔ እይታ ከዓርማውም ከሰዋስውም ይልቅ የሚያጋልጠው ይህ ነው። ያጣድፋል፣ መንገዱንም ራሱ ያሳያል።

ሊንክ የሌለው ኢሜይልም አለ። ከአካውንትዎ ይህን ያህል መቶ ዶላር ተቆርጧል፣ እርስዎ ካልሆኑ በዚህ ቁጥር ይደውሉ ይላል። የሚነካ ነገር ስለሌለው ማጣሪያውም ብዙውን ጊዜ አይጠረጥረውም። ሲደወል ጨዋ ድምፅ ያነሳል። ወላጆቻችን ስልክ ስለሚቀላቸው ይህኛውን የበለጠ እፈራዋለሁ። ከዚያ ጨዋው ሰው «ገንዘቡን ለማዳን ወደ ራስዎ ይላኩት» ይልና ዜል በሚባለው የባንክ ገንዘብ መላኪያ ያስልካል። ሌላው ደግሞ ኪውአር ኮድ ነው፤ ሊንክ በሥዕል ተደብቆ ማለት ነው። መልሱ ለሁሉም ያው ነው፤ የካርዱን ጀርባ ማየት።

በስልክ ስለሚመጣው ኮድ ግን ለብቻው መናገር አለብኝ። ብዙ ሰው «ፓስወርዴን ቢወስዱም ኮዱ ለእኔ ነው የሚመጣው» ብሎ ይጽናናል። አሁን ያሉት ሐሰተኛ ገጾች የጻፋችሁትን ፓስወርድ በዚያችው ሰከንድ እውነተኛው ባንክ ላይ ያስገቡታል። ባንኩ እውነተኛ ኮድ ይልክላችኋል። ገጹ «ኮዱን ያስገቡ» ይላችኋል። ስታስገቡ አጭበርባሪዎቹ አካውንታችሁ ውስጥ ገብተዋል። ኮዱ ከባንኩ መምጣቱ እውነት ነው፤ የጠየቃችሁ ግን ባንኩ አይደለም። ፓስኪ የሚባለው አዲሱ መግቢያ ይህን ይከለክላል። በጣት አሻራ ወይም በፊት የሚከፈት ሲሆን፣ ከተመዘገበበት አድራሻ ውጭ አይሠራም። ሐሰተኛው ገጽ የቱንም ያህል ቢመሳሰል ስልኩ እምቢ ይላል። ፓስወርድ የሚያስታውስላችሁ ፕሮግራምም እንደዚያው ነው። ሁልጊዜ ይሞላላችሁ የነበረው ዛሬ ዝም ካለ ቆም በሉ። ባንካችሁ ፓስኪ ካለው ለወላጆቻችሁ ዛሬውኑ አድርጉላቸው። ፊደል የሚያነበው ስልኩ ይሆናል፣ እነሱ አይደሉም።

አገር ቤት ነገሩ በሌላ መልክ ነው የሚመጣው። እዚያ ከባንክ ጋር በኢሜይል የሚጻጻፍ ሰው ጥቂት ነው። ያለው ስልክ፣ አጭር መልእክትና ቴሌግራም ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ባንክ ደጃፍ ያልረገጠ ሰው ሁሉ ገንዘቡን ስልኩ ውስጥ ይዟል። «ከባንክ ነው የምደውልልዎት፣ ሲስተም እያስተካከልን ስለሆነ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» የሚለውን ያልሰማ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። ሌላው «በስህተት ብር ገብቶልዎታል፣ እባክዎ ይመልሱልኝ» የሚለው ነው፤ ከባንክ የመጣ የሚመስል የገቢ መልእክት አስቀድሞ ይላካል። ሕዝባችን የሰው ገንዘብ አልበላም ብሎ የሚፈራ ሕዝብ ነው። አጭበርባሪዎቹ የሚያጠምዱት በዚሁ ደግነት ነው። እዚህም ጥንቃቄው አይለወጥም። መልእክቱን ትቶ ቀሪ ሂሳብን በራስ መንገድ ማየት፣ ወይም ስልኩን ዘግቶ ራስ መደወል። ለምሳሌ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቁጥሩ 951 ነው። ያ የደወለው ሰው በእርግጥ የባንኩ ሠራተኛ ከሆነ መልሳችሁ በመደወላችሁ አይቀየምም።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ። እሱም እፍረት ነው።

የማውቃቸው አንድ አባት ተበልተዋል። ቁልፉን ነክተው፣ ፓስወርዱንም ኮዱንም ሰጥተው፣ ገንዘቡ ወጣ። በማግስቱ ገባቸው። ለማንም ግን አልተናገሩም። ልጃቸው ያወቀችው ከሳምንታት በኋላ፣ ኪራዩ ሲጎድል ነው። «ለምን አልነገርከኝም?» ስትላቸው ያሉት «አባትሽ ተሞኘ ትዪኛለሽ ብዬ» ነው። ያቺ ልጅ አባቷን የምትወድ ልጅ ናት። ግን ከዚያ በፊት በስልክ ጉዳይ «አባዬ፣ ስንቴ ልንገርህ!» እያለች ተቆጥታቸው ታውቃለች። ይህን የምለው እሷን ለመውቀስ አይደለም። ሁላችንም እንዲህ ነው የምናወራቸው።

ዝምታው በገንዘብ ይለካል። በአሜሪካ ሬጉሌሽን ኢ የሚባል ደንብ አለ። ሳትፈቅዱ ከአካውንታችሁ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ገንዘብ ከወጣ፣ ባወቃችሁ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ለባንኩ ከነገራችሁ ሊያርፍባችሁ የሚችለው ኪሳራ ቢበዛ 50 ዶላር ነው። ከዚያ ከዘገየ እስከ 500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። የወሩ መግለጫ ከተላከ 60 ቀን ካለፈ ደግሞ፣ ከዚያ በኋላ ለሚወጣው ጣሪያ የለውም። ተታልሎ ፓስወርዱን በሰጠ ሰው አካውንት አጭበርባሪው ገብቶ ያወጣውም ያልተፈቀደ ዝውውር ተብሎ ይታያል። ባንኩ «አንተው ነህ የሰጠኸው» ቢል በዚያ ብቻ ነገሩ አያልቅም። ገንዘቡን በገዛ እጅ ልኮ ከሆነ ግን ክርክሩ በጣም ይከብዳል።

እና ያ 2 ቀን ወርቅ ነው። ሰው ምን ይለኛል ብሎ ያሳለፈው ሰው መብቱን እያሳለፈ ነው። ኤፍቢአይ ለ2024 ባወጣው ዘገባ፣ በኢንተርኔት ወንጀል ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ያመለከቱት ኪሳራ ብቻ ወደ 4.9 ቢሊዮን ዶላር ነው። ያመለከቱት ነው። ያፈሩት እዚያ ውስጥ የሉም። የእኛ አባቶችና እናቶች ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ለመገመት አልቸገርም።

ስለዚህ ልጆች፣ ወላጆቻችሁን አትቆጧቸው። «ለምን ነካሽው?» የምትል ቃል ከአፋችሁ ከወጣች፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲደርስባቸው አይነግሯችሁም። ይልቅ ቀድማችሁ «ቢደርስብሽ ሌሊትም ቢሆን ደውዪልኝ፣ ምንም አልልሽም» በሏቸው። ደግሞም ቃላችሁን ጠብቁ።

ከእነዚያ እናት ጋር በዚያ ቀን ያደረግነው ብዙ አይደለም። የባንኩን አፕ የስልካቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ አመጣነው። የካርዱን ጀርባ ቁጥር ከካርዱ ላይ እያነበብን «ባንክ» ብለን በአማርኛ መዘገብነው። ከአካውንቱ ማንኛውም ገንዘብ ሲወጣ መልእክት እንዲመጣላቸው አስተካከልን። እንዲህ ዓይነት ነገር በቴክስት ሲመጣ ወደ 7726 እንደሚላክ አሳየኋቸው፤ አሜሪካም እንግሊዝም ቁጥሩ አንድ ነው። እስራኤል ያላችሁ ለብሔራዊው የሳይበር ዳይሬክቶሬት በ119 መደወል ትችላላችሁ።

ባንኮቹ ላይም ቅሬታ አለኝ። ከራሴ ባንክ የመጣ ፍጹም እውነተኛ ኢሜይል «ለመግባት እዚህ ይጫኑ» የሚል ትልቅ ቁልፍ ይዞ ደረሰኝ። እኛ እሑድ እሑድ አትንኩ እያልን እናስተምራለን፤ እነሱ ሰኞ ንኩ እያሉ ያለማምዳሉ። ይህ መለወጥ የማይችል ነገር አይደለም። በሲንጋፖር በ2021 መጨረሻ ኦሲቢሲ የተባለውን ባንክ አስመስለው በተላኩ የስልክ መልእክቶች 790 የሚሆኑ ደንበኞች 13.7 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር ተወስዶባቸዋል። ሐሰተኞቹ መልእክቶች ስልኩ ላይ የተቀመጡት ከእውነተኞቹ የባንኩ መልእክቶች ጋር፣ በአንድ መስመር ሥር ነበር። ያን ማን ሊለይ ይችላል? ባንኩ ገንዘቡን ተካ። በጃንዋሪ 2022 ደግሞ የአገሪቱ የገንዘብ ባለሥልጣን ባንኮች ለግል ደንበኞች በሚልኩት ኢሜይልና አጭር መልእክት ውስጥ የሚነካ ሊንክ እንዳያስገቡ አዘዘ። እዚያ ያለ ሰው ከባንክ ሊንክ ከመጣለት ሐሰት መሆኑን ለማወቅ አንድ ፊደል ማንበብ አያስፈልገውም።

እዚህም ይህንኑ ነው የምፈልገው። ለባንኬ በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ ቅርንጫፉም ሄጄ ለሥራ አስኪያጇ ነግሬያታለሁ። ደንበኞቻችሁ መካከል የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የሚከብዳቸው ብዙ ናቸው፣ ሊንኩን አውጡና «አፕዎን ይክፈቱ» ብቻ በሉ አልኳት። ማስታወሻ ይዛለች። እንዲህ ዓይነት ኢሜይል ከባንካችሁ የሚደርሳችሁ ካላችሁ እናንተም ጻፉላቸው።